ሦስት ወር የተሰጠው ሰው

ሦስት ወር ነው የቀረው ተብሎ ከእስር የተለቀቀው ሰው በአሥራ አንደኛው ወሩ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ግን በሽታው አይደለም።

ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ስደርስ በእህቱ ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ነበር። ፊቱ ላይ ትልቅ የጥጥ ትራስ ተጭኗል፤ ትራሱ መሐል ለመሐል ሁለት መዳፍ የሚያህል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። አንዱ ነጠላ ጫማ እግሩ ላይ ነው፣ ሌላኛው ሲፈራገጥ ተወርውሮ በሩ ጋ ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ፤ አንደኛው ተጠጥቶ አልቋል፣ ሁለተኛው እንደ ሞላ ቀዝቅዟል። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም። ገዳዩ አንኳኩቶ ገብቶ፣ ሻይ ተቀድቶለት፣ ሳይቀምሰው ሥራውን ሠርቶ ሄዷል ማለት ነው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ነው ያገኘችው። የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አንድ ወፍራም ግራጫ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ስንገባ ቀና ብላም አላየችን። ከእኔ ጋር የመጡት ልጆች ደግሞ ፎቶ ሲያነሱ ፊታቸው ላይ ሐዘን ቀርቶ ድንጋጤ እንኳ የለም። አንዱ «ዘገየ እኮ» ሲል ሰማሁት። አልገሠጽኩትም።

ሟቹን አገሩ በሙሉ የሚያውቀው «ሻንጣው» በሚል ስም ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የከተማ አውቶቡስ ወንበር ሥር ሻንጣ ትቶ ወረደ፤ ሻንጣው ሃያ ሦስት ሰው ጨረሰ። ፈንጂውን የጠቀጠቀው በብረት ዳዶ ነበር፤ ብሎን የሚያጠብቀው፣ ባለ ስድስት ጎኑ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነው። ያን ቀን ከአውቶቡሱ ወለል ላይ ዳዶ በባልዲ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ሰውየውን ከተደበቀበት ጋራዥ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። በግራ በኩል ሦስት የጎድን አጥንቱን ሰበርኩበት። እውነቱን ልናገርና ሁለቱን ሲታገለኝ ነው፤ ሦስተኛውን ካቴና ከገባለት በኋላ ነው።

ለዚያች ለሦስተኛዋ የዲሲፕሊን ቅጣት ተጻፈብኝ። ማዕረጌም እዚያው ሳጅን ላይ ተቸክሎ ቀረ። ከሰውየው ጎን ቆሞ ለጋዜጣ ፎቶ የተነሳው ግን መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የጠበቀን አንድ ልጅ ነው። ዛሬ አለቃዬ ነው። በሙቀትም በብርድም አንገቱን አንቆ ስለሚውል ከረባት እንለዋለን። እነሱ ደግሞ እኔን «ጎድን ሰባሪው» ይሉኛል፤ በሌለሁበት ቢሆን ባልከፋኝ፣ ፊት ለፊቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ሻንጣው ደም ተፋና ሆስፒታል ወሰዱት። ሳንባው በካንሰር ተበልቷል፣ ሦስት ወር አይቆይም ተባለ። የይቅርታ ቦርዱ ተሰበሰበ። በየጋዜጣው ተጨቃጨቁ። ግማሹ የሚሞት ሰው አስሮ ማቆየት መንግሥትን ከእሱ ጋር እኩል ያደርገዋል አለ፤ ግማሹ አውቶቡሱ ውስጥ ለነበሩት ሦስት ወር ቀርቶ ሦስት ደቂቃ ማን ሰጣቸው አለ። ቦርዱ ላይ ፖሊስን ወክሎ የተቀመጠው ከረባት ነበር፤ እጁን አወጣ፣ ፈረመ። ሰውየው በርኅራኄ ተብሎ በቃሬዛ ወጣ። በሁለተኛው ወር በእግሩ ሄደ። በአምስተኛው ወር ወፈረ። በስምንተኛው ወር በረንዳ ላይ ጸሐይ እየሞቀ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣና ከተማው አበደ።

ከረባት ገዳይ ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከቤቱ ፊት ለፊት በየቀኑ የምትቆም ሴት አለች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሊመዘገብ ሲሄድ ነው በዚያ አውቶቡስ ያለቀው። ሻንጣው ከተፈታ ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይዛ የሃያ ሦስቱን ስም ትጠራለች። የሰፈሩ ሰው «ሬዲዮ» ይላታል፤ የማይዘጋ ለማለት ነው። ያን ቀን ሻርፓ የግቢው በር ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ይዘናት መጣን፣ ጠየቅናት። እሷም ሳታቅማማ እኔ ነኝ አለች።

«በምን ገደልሽው እትዬ?» አልኳት።

«በቢላ።»

«ቢላ የነካው የለም እኮ።»

«እንግዲያው በመርዝ ነው። አንተን ምን አገባህ፣ ጻፈው።»

ኮስተር ብላ ነው የምትለው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደምትገድለው ስታስብ የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ሌላ ሰው ገብቶ ቀደማት። ተቀደምኩ ከምትል ብትሰቀል ትመርጣለች። ቃሏን ስትፈርም ግን እስክሪብቶ መጨበጥ አቅቷት በአውራ ጣቷ አተመች፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ በቁርጥማት አብጦ ተጣሟል። በእነዚያ እጆች የወፈረ ሰው አፍኖ መግደል ይቅርና ትራስ ማራገፍም አይቻልም። ሻንጣው ደግሞ ለእሷ በር ከፍቶ ሻይ አይቀዳም።

ይህንን ለከረባት ነገርኩት። ያመነ ሰው በእጃችን እያለ ምን እንፈልጋለን አለኝ። ከላይ ሰዎች እየደወሉ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ፋይሉ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። ስወጣ ከኋላዬ «አደራ፣ ጎድኗን እንዳትነካት» ብሎ ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀችለት።

ኮሪደሩ ላይ የሬዲዮ ሴት ልጅ ጠበቀችኝ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። እጅጌዬን ይዛ እናቷ አይጥ በወጥመድ ሲያዝ እንኳ ዓይኗን እንደምትጨፍን ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ወንድሜን በላብኝ፣ አሁን ደግሞ ሞቶ እናቴን ሊበላ ነው?» አለችኝ። ሁለት ቀን ተኩል ነበረኝ።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ተመለስኩ። ወንድምሽ ለማን ነው ሻይ የሚቀዳው አልኳት። በዚህ ሁሉ ወር ቤቷን የረገጡ እንግዶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሦስት ወር ብሎ የፈረመው ሐኪም ነው፤ አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ሕመምተኛው ሲበላ አይቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ሄዷል። ሌላው «ይቅር ባዩ» ነው። ይቅር ባዩን እኔም በወሬ አውቀዋለሁ። ሚስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ሞታለች፤ ከሃያ ሦስቱ ቤተሰብ ግን እሱ ብቻ ይፈታ ብሎ ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፈ። ሌሎቹ ቤተሰቦች መንገድ ላይ ተፍተውበታል። የሚሠራው ሻንጣው በታከመበት ሆስፒታል ነው። በየቅዳሜው እየመጣ ከሻንጣው ጋር ዳማ ይጫወት ነበር። ለዚህኛው ቅዳሜ ግን ተረኛ ነኝ፣ አልመጣም ብሎ ዓርብ ዕለት ደውሏል።

ልትሸኘኝ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ሳጅን፣ እርስዎስ ወንድም አለዎት?» አለች። «ያደረገውን አውቃለሁ። ሃያ ሦስቱን ስም እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በየጠዋቱ ደጄ ላይ እየተጠራ እንዴት አልይዝ? ግን የሚሞት መስሎኝ ነው ያመጣሁት። ሲድንብኝ ምን ላድርገው? መልሼ ላስረው?»

ይቅር ባዩን ያገኘሁት እሑድ ዕለት ሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። የራጅ ባለሙያ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። መሞቱን በዜና ሰማሁ፣ አለቀስኩ አለኝ። ይቅርታ ለራስ የሚደረግ ነው እንጂ ለበዳይ አይደለም የሚለውን ነገር፣ በቴሌቪዥን እንደተናገረው ቃል በቃል ደገመልኝ። እኔ ይቅር ባይ ሰው አይጥመኝም። አጠገቡ ስትቀመጥ ያንተ ቂም እንደ ላብ ይሸትሃል። ገዳዩ እሱ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። መዝገቡ ግን እንቢ አለኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ሰው ራጅ ተነስቷል፤ ዘጠኙም ላይ የእሱ ፊርማ አለ። በአማካይ ሃያ ደቂቃ ለአንድ ሰው። ከሆስፒታሉ እስከ ልብስ ሰፊዋ ቤት በታክሲ ግማሽ ሰዓት ነው። ተነስቼ ወጣሁ።

የቀረኝ ሐኪሙ ነው። እሱን ስጠረጥር ደስ እያለኝ ነበር። ስህተቱ በእግሩ እየሄደ፣ ጸሐይ እየሞቀ፣ በጋዜጣ ሲስቅ የሚያይ ሰው ምን ያህል እንደሚንገበገብ ይገባኛል። ጉቦ በልቶ ነው ያስፈታው ብለው ስሙን አጥፍተውታል። ሰውየው ቢሞትለት ትንቢቱ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገባሁ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ አንተ እያለ ነው ያናገረኝ። ቅዳሜ የት ነበሩ ስለው ጭራሽ ሳቀ። ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ሁለት መቶ ሰው ፊት ንግግር ሲያደርግ ውሏል፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም፣ መድረክ ላይ የቆመበትን ፎቶም ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። እኔም አልተነሳሁም። እንግዲያው ሦስት ወሩን ከየት አመጡት አልኩት። ያኔ ተናደደ። ከመሳቢያ አንድ ራጅ ፊልም አውጥቶ መብራቱ ላይ ለጠፈው።

«ና እይ፣ አንተው ፍረድ። ይህን ያየ ሐኪም ሁሉ ከሦስት ወር በላይ አይሰጥም። ሰውየው ደም ይተፋ ነበር፣ ከስቷል። ናሙና እንዳንወስድ ሳንባው አይችልም ብለን ተውነው።»

ሳንባ ማንበብ አልችልም። ነጩ ቦታ በሽታ ነው ካሉኝ በሽታ ነው እላለሁ። የዚያን ሰውዬ ጎድን ግን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። ስቀጣ፣ ከካቴና በኋላ የተሰበረችውን ለመለየት ተብሎ የደረቱ ራጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊቴ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በግራ በኩል ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው። ችሎቱ የተቀመጠው ከተሰበሩ ከአምስት ወር በኋላ ስለሆነ ጠማማ ገጥመው፣ እንደ ዛፍ አንጓ አብጠው ነበር። መብራቱ ላይ ያለው ደረት ግን ጎድኑ ሁሉ ልሙጥ ነው።

«ዶክተር፣ ጠማማ ገጥሞ የዳነ አጥንት ከጊዜ በኋላ ይቃናል?»

«በዚያ ዕድሜ? አይቃናም። እስከ መቃብር እንደዚያው ነው።»

«እንግዲያው ይሄ የእሱ ደረት አይደለም» አልኩትና የሰበርኩትን ነገርኩት።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ለረጅም ጊዜ ፊልሙን አየው፣ የተለጠፈበትን ስም አየው፣ መልሶ ፊልሙን አየው። ከዚያ «እርስዎ... እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። እርስዎ ለመባል የአንድ ሰው ጎድን መስበር ነበረብኝ።

እዚያው ሆኖ አስከሬን መርማሪው ጋ ደወለ። የሟቹ ሳንባ ላይ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ብቻ አለ፤ ካንሰር የሚባል ነገር የለም። እስር ቤት ለሳሉ ተብሎ የጀመረው የነቀርሳ ኪኒን ከተፈታም በኋላ አልተቋረጠም ነበርና እሱ አድኖታል። ማንም ይህን ሁሉ ወር ያላስተዋለው ከረባት ቦርዱ ላይ ሲቀመጥ የእኔን የቅጣት ፋይል ስላላገላበጠ ነው። ያኔ በምስክርነት ራሱ የፈረመበት ፋይል ነው። ሦስት የተሰበሩ አጥንቶች በቁጥር ተጽፈውበታል።

ልወጣ ስል ፊልሙ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር አየሁ። ስድስት ጎን አላት፣ መሐሏ ቀዳዳ ነው። ምንድን ነው አልኩት። እያንዳንዱ የራጅ ባለሙያ ሥራው እንዲለይለት አንድ የራሱን ብረት ፊልሙ ጥግ ላይ እያስቀመጠ ያነሳል አለኝ፤ የቤቱ ደንብ ነው። እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። እንዲህ ዓይነቷን ብረት በባልዲ ለቅሜያለሁ።

ይቅር ባዩ ምሳ እስኪወጣ ጠብቄ ራጅ ክፍል ወረድኩ። ከእሱ ጋር የምትሠራዋ ሴት ነበረች። ደግ ሴት ናት፣ ብዙ የምታወራ። የእሷ ምልክት የፀጉር መርፌ ናት፤ ከፀጉሯ አውጥታ አሳየችኝ። የእሱ ምንድን ነው ስላት ዳዶ ናት አለችኝ፤ ከኪሱ አትለይም፣ አንድ ቀን ጠፍታበት ሥራ አቁሞ ወለሉን በጉልበቱ ሲፈልግ ነው የዋለው፣ ያለሷ ፊልም አያነሳም። ከየት እንዳመጣት አታውቅም። እኔ ግን ገባኝ። ሐኪሞች ከሚስቱ አካል ካወጧቸው አንዷ ናት።

የቅዳሜውን ዘጠኝ ፊልም አሳይኝ አልኳት። አንድ በአንድ መብራት ላይ አደረገቻቸው። እግር፣ ደረት፣ ወገብ፣ የሕፃን ክንድ። ዘጠኙም ጥግ ላይ የፀጉር መርፌ ነው። አንድም ዳዶ የለም። ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ሚስቱ መቃብር ልሂድ ብሎ ለምኗት ሙሉውን ጠዋት ሸፍናለታለች፤ ሲመለስ መዝገቡ ላይ እሱ ፈርሟል። «ለመቃብር ነው እኮ ያለኝ» አለችኝ ደጋግማ፤ «ለመቃብር የሚሄድን ሰው እንዴት እከለክላለሁ?»

ይህን ይዤ ከረባት ጋ ብሮጥ ሬዲዮ ያኔውኑ ትፈታ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሻንጣው በሌላ ሰው ደረት ከተፈታ፣ ያ ሌላ ሰው በማን ደረት ሄደ? የዛሬ ዓመት ሻንጣው ራጅ የተነሳበትን ቀን መዝገብ አስወጣሁ። ያን ከሰዓት ደረት የተነሱት ከእሱ ሌላ አራት ናቸው። ካርድ ክፍል ሆኜ ለሦስቱ ደወልኩ፤ ደኅና ናቸው። አራተኛው ጫማ ሰፊ ነው፤ ስልኩን ያነሳ የለም። አድራሻውን ይዤ ሄድኩ።

አንዲት ክፍል ቤት ናት። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት፤ ባሏ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ ከመስኮቱ መስታወቶች አንዱ ተሰብሮ በእሱ ምትክ ራጅ ፊልም ተወጥሮበታል። የከሰዓቱ ጸሐይ በስተጀርባው ስላለ ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው። አሥራ ሦስት ዓመት የተቀጣሁባቸው አጥንቶች የሰው ቤት ነፋስ ይከላከላሉ።

ተቀምጬ ጠየቅኋት። ባሏ ሲያስለው፣ ሲደክመው ከርሞ ሆስፒታል ሄደ። ያዩት ሌላ ሐኪም ናቸው። ሳንባህ ትንሽ ቆስሏል፣ በኪኒን ይድናል አሉት። ልጅ ሆነህ ከዛፍ ወድቀህ ነበር ወይ፣ ጎድንህ ተሰብሮ ያውቃል ብለውም ጠየቁት፤ እኔ ከወንበርም ወድቄ አላውቅ ብሎ እየሳቀ ነገራት። ከዚያ ግን ሥራ መሥራት አቃተው። መዶሻ ያነሳና ያስቀምጠዋል።

«እኔ ደግሞ ሰነፍ አልኩት» አለችኝ። «ሐኪም ደኅና ነህ ካለው ምን ልበል? ሰነፍ፣ ልግመኛ፣ እኔን ለመብላት ነው የምትተኛው አልኩት። ሲሞት እንኳ ተነስ እያልኩት ነው የሞተው።»

ያልኳትን አሁን አልደግመውም። በመጨረሻ ግን ባልሽ ሰነፍ አልነበረም አልኳትና ማን እንዲህ እንዳደረጋት ነገርኳት። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያ እንድትመጣም ነገርኳት። ደንቡ አይፈቅድም። እኔን ከዚህ በላይ በምን ይቀጡኛል?

አሥር ሰዓት ላይ ይቅር ባዩን ከራጅ ክፍሉ ሳላወጣው እዚያው አናገርኩት። በሩ ወፍራም ነው፤ ከዘጉት ድምፅ አይወጣም። ዘጠኙን ፊልም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ከላያቸው የሻንጣው ተብሎ የተለጠፈበትን አስቀመጥኩ። ለአፍታ አያቸው። ከዚያ ከኪሱ ዳዶዋን አውጥቶ ከፊልሞቹ አጠገብ አኖራት። አልካደም። ድምፁ ብቻ እንደ በፊቱ ዝቅ ያለ አልነበረም።

ሻንጣውን ሁለት ጠባቂዎች ይዘውት እንደመጡ ነገረኝ። ራጅ ሲነሳ ጨረር ስለሚፈሩ ሁሌም በሩን ዘግተው ይወጣሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ያለመውን ሰው ራቁቱን፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶት አገኘው። ሊገድለው እጁን ሰንዝሮ ነበር።

«ለምን ተውከው?» አልኩት።

«ምን አለው የምወስድበት? እስረኛ ነው፣ ደም ይተፋል፣ ግድግዳ ያያል። ብገድለው ገላገልኩት ማለት ነው። እኔ የተወሰደብኝ እኮ ሞት የምትፈልግ ሴት አይደለችም። ለክረምቱ ያሰበችው ነበራት።» ትንፋሽ ወሰደ። «መጀመሪያ የሚወሰድበት ነገር እንዲኖረው ፈለግሁ። ፊልሙን ቀየርኩ። ደብዳቤውን ጻፍኩ። የሟች ቤተሰብ ሲተፋብኝ ጠረግሁት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ዳማ እየተጫወትኩ አደለብኩት። ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ኮት ልትሰፋልኝ ነው አለኝ። ለሚቀጥለው ክረምት። ለሚቀጥለው ክረምት አለኝ ሳጅን። ያኔ ደረሰ አልኩ።»

«አውቆ ነው የሞተው?»

«ሻይ ቀዳልኝ። ሳልጠጣ ነገርኩት። ራጁ ያንተ አልነበረም አልኩት፤ ጤነኛ ነህ፣ አርባ ዓመት ትኖራለህ አልኩት። መጀመሪያ ደስ አለው። እጄን ሳመኝ። ደስታው ፊቱ ላይ እስኪሞላ ጠበቅሁና ትራሱን አነሳሁ።»

አልዋሽም፣ በልቤ እጁን ጨበጥኩት። ሦስተኛዋን ጎድን የሰበርኩ ሰው ምን ልፈርድ ነው? በሩን ከፍቼ ሂድ ልለው ዳድቶኝ ነበር። ግን ሬዲዮ እኛ ጣቢያ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተኝታለች፣ ነገ ፋይሏ ይሄዳል፣ ልጇ በር ላይ ትወልዳለች። አሮጊቷ በአንተ ፈንታ እንደታሰረች ታውቃለህ አልኩት። ያውቃል። ይለቋታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሺ፣ ጫማ ሰፊውስ አልኩት።

ያን ጊዜ ብቻ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሳ።

«ለማንኛውም ይሞት ነበር» አለ። «መድኃኒት አልነበረውም።»

«ሦስት ወር ነበረው። የሥቃይ ማስታገሻ ነበረው፣ ሚስቱ ራስጌው ተቀምጣ ውኃ የምታጠጣበት። ያ ርኅራኄ የእሱ ነበር፤ አንስተህ ለሻንጣው ሰጠኸው። እሱ ሰነፍ እየተባለ ሞተ።»

ስሙን ታውቀዋለህ ስለው አላስታውሰውም አለኝ። ስሙን ቀዶ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው። ካቴናውን ያስገባሁለት ያኔ ነው፤ ጎድኑን ግን አልነካሁትም።

ማታውን ሪፖርቱን በእጄ ጻፍኩ። የቅጣት ፋይሌን ከነቁጥሩ፣ ከነከረባት ፊርማ አባሪ አደረግሁበትና አንድ ቅጂ ለይቅርታ ቦርዱ፣ አንድ ቅጂ ለዓቃቤ ሕጉ በቀጥታ ላክሁ። ከረባት ጠዋት ሲያነበው አንገቱ ላይ ያለውን ነገር በሁለት ጣቱ ላላ አደረገ። እንደዚያ ሲያደርግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው የሬዲዮን መፈቻ ፈረመ።

ሦስት ሰዓት ላይ ይቅር ባዩን ከእስር ክፍል አውጥቼ ወደ መኪናው ስወስደው ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ ከልጇ ጋር ስትወጣ ተገናኘን። ማን እንደሆነ ነግረዋታል። ከዚህ በፊት መንገድ ላይ ከተፉበት አንዷ እሷ ናት። ቀጥ ብላ መጥታ በካቴና የታሰሩትን እጆቹን በተጣመሙ ጣቶቿ ይዛ ሳመቻቸው። ቀድመኸኛል፣ ግን እጅህ ይባረክ አለችው። ፖሊሶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዱ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ይቅር ባዩ ቀና አለ። ከተያዘ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ አላየሁትም።

ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የጫማ ሰፊው ሚስት ተቀምጣለች። ፊልሙን ከመስኮቷ ነቅላ፣ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ስታየን ተነሳች። ከፊቷ ብዙ ሰው ቆሟል፤ ፖሊሶች፣ ሬዲዮ፣ ልጇ፣ እኔ። ወደ እኔ ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የትኛው ነው አለችኝ።

ቀና ብሎ የቆመውን በጣቴ አሳየኋት።